ተጠርቶ አቤት የሚል ታዳሚ

«አንድ እጅ አያጨበጭብም» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ስለ ሥራና ስለ ኅብረት ሲነገር የኖረ ነው። ባለፈው እሑድ ምሽት በሰፈራችን ክበብ የተሰበሰብነው ወታደሮችና ባለቤቶች ግን አባባሉ ለሙዚቃም፣ ለትዳርም ጭምር የሚሠራ መሆኑን ተረድተን ወጥተናል።

በዚያ ምሽት የታየው፣ መስከረም 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ በአንድ ተራ መንገድ ላይ የተደረገውን የሂፕ ሆፕና የሶል ሙዚቃ ድግስ የሚያሳይ ፊልም ነው። ደጋሹ አሜሪካዊው ቀልደኛ ዴቭ ሻፔል ሲሆን፣ ፊልሙን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ሚሸል ጎንድሪ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀርቧል። ከቃላቱ መካከል ለሕፃናት ጆሮ የማይመች ስለሚገኝበት፣ ልጆቻችንን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን ነበር የታደምነው። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ብዙዎቹ «የጎረምሶች ጩኸት ለማየት ነው እንዴ የምንሄደው?» እያልን ነበር።

ለመሆኑ ሂፕ ሆፕ ምንድን ነው? ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በዚያው በኒውዮርክ፣ በብሮንክስ፣ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጃገረድ ለትምህርት መክፈቻ የልብስ መግዣ ገንዘብ ፈልጋ፣ ቤተሰቦቿ በሚኖሩበት ሕንፃ አዳራሽ የጭፈራ ምሽት አዘጋጀች። መግቢያው ለሴቶች 25፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላ የሚያጫውተው ወንድሟ፣ በቅጽል ስሙ ኩል ሄርክ፣ ጨፋሪው ይበልጥ የሚነቃው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚመታበት ቦታ መሆኑን አስተውሎ ነበርና፣ ያንኑ ቁራጭ በሁለት ሸክላ እያፈራረቀ ያስረዝመው ጀመር። በማይክሮፎንም ጨፋሪውን እየጠራ ያበረታታ ነበር። የሂፕ ሆፕ ልደት የሚቆጠረው ከዚያ ምሽት ነው። ሶል የተባለው ሙዚቃ ደግሞ ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የፈለቀ ነው፤ በዚያም ሰባኪው ሲጠራ ምእመናኑ ይመልሳሉ። ስለዚህ ሁለቱም ጠሪ ብቻውን የሚፈጽማቸው አይደሉም፤ መላሽ ይሻሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። በአገራችን ዘፈን አውጪ አለው፤ ተቀባይም አለው። ተቀባዩ ከሰነፈ አውጪው ምንም ድምፀ መረዋ ቢሆን ዘፈኑ ይሞታል። አዝማሪም ቢሆን ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት ነው መሰንቆው የሚሞቀው። ፎካሪም ዙሪያውን የቆመው ጓድ ካላጀበው ፉከራው አይሰምርለትም።

በብሩክሊን ያየነው ታዳሚ ይህን ድርሻውን የሚያውቅ ነበር። ድግሱ በነፃ ነው። ሻፔል በሚኖርበት በኦሃዮ ክፍለ ሀገር እየዞረ፣ ሽማግሌውንም ወጣቱንም ለድግሱ ሲጠራ የጉዞና የማደሪያ ወጪያቸውን ችሎ ነው። በዕለቱ ዝናብ ጣለ፤ ሕዝቡ ግን ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ጃንጥላ የሌለውም ራሱን ሸፋፍኖ፣ ከመድረኩ ፊት ቆመ። በመስከረም ዝናብ ጥበቃ የቆመ ወታደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ወታደሮቹን ከወንበራቸው ያስነሣው፣ ሻፔል እግረ መንገዱን አግኝቶ የጋበዘው የኦሃዮው የሴንትራል ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማርሽ ባንድ ነው። መለያቸውን ለብሰው፣ የትንፋሽ መሣሪያቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ክበባችን በጭብጨባ ተናጋ። እንዲህ ያለ ባንድ ለእኛ ሠራዊት የቅርብ ዘመድ ነውና! ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘፈኑ ናቸው። የእነዚያ ባንዶች ትንፋሽ መሣሪያ ነፊዎችም ከማርሹ ጎን የአሜሪካኖቹን የሶል ዜማ ሰምተው በአገራቸው ቅኝት አዋሕደውታል።

ባለቤቶቻችን በበኩላቸው የወደዱት የኤሪካ ባዱን ጨዋታ ነው። በመዝፈን ላይ ሳለች ነፋሱ የደፋችውን ትልቅ ሰው ሠራሽ ጠጉር አላስቀምጥ ሲላት፣ ሳታፍር ከራሷ ላይ አውልቃ ዘፈኗን ቀጠለች። «እኛ ብንሆን ሮጠን ቤት እንገባ ነበር» ሲሉ ሴቶቹ ተሳሳቁ። በመጨረሻም ሎሪን ሂል ስትወጣ፣ ብቻዋን ያቀረበቻቸውን ዘፈኖች በፊልሙ ለማሰማት ከአሳታሚዋ ፈቃድ ስላልተገኘ፣ ለዓመታት ተለያይተው የቆዩትን የፉጂስ ጓዶቿን ዋይክሌፍ ዣንንና ፕራስን ይዛ ነበር። ሦስቱ ዳግመኛ በአንድ መድረክ ሲታዩ በብሩክሊን የተሰማው እልልታ እስከ እኛ ክበብ ደረሰ።

መብራቱ ሲበራ ከአጠገባችን የተቀመጡት ባልና ሚስት አልተነሡም ነበር። እርሱ የሃምሳ አለቃ ነው፤ ከ14 ወር ግዳጅ ከተመለሰ ገና አንድ ወሩ ነው። ከመጣ ወዲህ ምሽቱን ራዲዮኑን አቅፎ ይቀመጣል፤ የልጆቹን ትምህርትም ሆነ የቤቱን አስቤዛ ስታነሣበት መልስ የለውም። ስማቸውን እንዳናወጣ አደራ ብለው እንድንጽፈው የፈቀዱልን ንግግር እንዲህ የሚል ነው።

«ያ ሁሉ ሰው ዝናብ እየመታው ለማያውቀው ዘፋኝ አቤት ይላል» አለችው። «እኔ ግን በደረቅ ቤት፣ ከጎንህ ተቀምጬ ስጠራህ መልስ የለኝም። አሥራ አራት ወር ሙሉ አውጪም ተቀባይም ሆኜ ከረምኩ። አሁንማ መጣልኝ ብዬ ነበር።»

የሃምሳ አለቃው ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «ምን ልበልሽ? ያየሁትን ላወራሽ አልፈልግም፤ ሌላ ወሬ ደግሞ የለኝም» አላት።

«ያየኸውን ንገረኝ አላልኩም» አለችው። «ስጠራህ አቤት በለኝ።»

እኛም ይህን ይዘን ወደየቤታችን ሄድን። ብዙዎቻችን የአዛዥ ጥሪ በሌሊት እንኳ ቢሆን በአንድ ጊዜ የምንሰማ ሆነን ሳለ፣ የባለቤታችንን ጥሪ ሦስቴ እስኪደገም እንጠብቃለን። ከግዳጅ የተመለሰ ሰው ያለበት የዝምታ ሸክም ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን፤ ረጅም ታሪክ ይተርክ የሚለው የለም። «አቤት» አንድ ቃል ናት፤ ሸክሙ የከበደበትም ሰው ቢሆን አያቅተውም። እንደዚሁም የሙዚቃ ጓድ ወደ ሰፈራችን በሚመጣበት ጊዜ እጃችንን አጣምረን አንቀመጥ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቆመን፣ አውጪው ሲያወጣ እንቀበል። እዚያ የለመደ አፍ በቤትም አይቸግረውም።

ማክሰኞ ዕለት የሃምሳ አለቃውን ባለቤት በውኃ ቦኖ አጠገብ አግኝተናት «እንዴት ሆነ?» ብለን ጠይቀናት ነበር። ጀሪካኗን እየሞላች ሣቅ አለች።

«አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ይረሳል» አለችን። «ሲረሳ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።»