የእናትን እግር ማን ያጥባል?

በደጋው አገራችን፣ በዳባትም ሆነ በደባርቅ፣ ከመንገድ ለገባ እንግዳ ውኃ ይሞቅለታል፤ እግሩ ይታጠባል። አባወራው ከእርሻ ሲመለስም ልጅ ውኃውን ይዞ ከፊቱ ይንበረከካል፣ አጥቦ ሲጨርስ እግሩን ስሞ ይመረቃል። ይህን ልማድ የማያውቅ የጎንደር ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ውኃውን ያሞቀችው፣ ቀኑን ሙሉ ከጓዳ ምንጭ፣ ከምንጭ ምድጃ ስትመላለስ የዋለችው እናት ብዙ ጊዜ ማንም ሳያጥባት ትተኛለች።

እናቴ የምትኖረው ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ዳባት አቅራቢያ ነው። የስኳር ሕመም ካገኛት ዓመታት ሆኗል። ባለፈው ክረምት ለቀጠሮዋ ወደ ከተማ መጥታ ነርሷ ጫማዋን ስታስወልቃት፣ ተረከዟ ሥር የሰነበተ ቁስል ተገኘ። እናቴ ቁስል እንዳለባት አታውቅም። አላመማትማ!

ለካ ችግሩ አለማመሙ ነው። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ እሾህ ቢወጋ፣ ፍም ቢያቃጥል አይሰማም። ቁስሉም ቶሎ አይድንም፤ ከተመረዘ እግር እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። በደጋ ብርድ ደግሞ ማታ እግርን ወደ ምድጃ ዘርግቶ መሞቅ የተለመደ ነው። ነርሷ ይህን አጥብቃ ከለከለች።

ያዘዘችን ነገር ቀላል ነው። ማታ ማታ እግር ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። የውኃውን ሙቀት የሚለካው እግር ሳይሆን ክርን ነው፤ የደነዘዘ እግር ይዋሻል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በጣቶች መሃል ሳይቀር ይደርቃል። ተረከዙና ላዩ ቫዝሊን ይቀባል፤ የጣቶች መሃል ግን አይቀባም፣ እርጥበት ይይዛል። በመጨረሻ ውስጥ እግሩ በብርሃን ይታያል። ጠዋት ጫማ ከመጠለቁ በፊትም ጠጠር እንዳይኖር ውስጡ ይዳሰሳል።

የመጀመሪያው ምሽት ሳፋውን ይዤ ስንበረከክ እናቴ እግሯን ሰበሰበች። «ተወኝ ልጄ፣ እኔ ማን ሆኜ! የማርፈውስ ሳርፍ ነው» አለች።

ፊደል አልቆጠረችም፤ የጸሎተ ሐሙስን ሥርዓት ግን በየዓመቱ ቆማ ታያለች። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ለማሰብ በዚያ ቀን ካህናቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። «እማዬ፣ ጴጥሮስም እንቢ ብሎ አልሆነለትም» አልኳት። ሳቀች፣ እግሯንም ዘረጋች። ይህን ወንጌል ስንሰማ ትሕትና የሚመስለን ማጠቡ ብቻ ነው። መታጠብም ትሕትና ይጠይቃል፤ ለእናቶቻችን ደግሞ የሚከብደው እሱ ነው። ሥጋን መንከባከብ ቅንጦት ይመስላቸዋል።

ጾምም ሲመጣ እንዲሁ ነው። እናቴ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ኪኒኑንም ትጾም ነበር። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ውሳኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ መድኃኒቱን ቢተወው ደግሞ ይወጣበታል። የቤተ ክርስቲያናችን የጾም ሥርዓት የታመመን ሰው አያስገድድም። የንስሐ አባቷ ይህንኑ ነገሯት፤ የሐኪሙን ምክር ሰምተው ሰዓቱን አቀለሉላት። ለእኔ አሥር ጊዜ እንቢ ያለችውን ለእሳቸው ባንዴ እሺ አለች። ጸበል እየጠጡ መድኃኒት መውሰድ ይከብዳቸው ለነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማንም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው ነበር።

እግር የሚጎዳው በስኳር ብቻ አይደለም። ዝሆኔ ከምንለው እብጠት አንዱ ዓይነት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን ይይዛል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን በየሰንበቴው ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል፤ ስንቱ በእግሩ አፍሮ ከማኅበር ቀርቷል! መከላከያው ጫማና የዕለት ተዕለት እጥበት ነው። ለታመመውም ቢሆን በሳሙና መታጠቡ፣ ማድረቁና ቅባቱ እብጠቱን ይቀንስለታል።

አያቶች ሆይ፣ ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ የልጅ ልጅ ጥሩ። የእኔ ልጅ 10 ዓመቱ ነው፤ የአያቱን እግር በስልኩ መብራት እያበራ ሲፈትሽ ከነርሷ አይተናነስም።

የእናቴ ቁስል ከ2 ወር በኋላ ደረቀና ወደ ዳባት ተመለሰች። ዓይኗ ስለደከመ ውስጥ እግሯን የምታይላት ጎረቤቷ ናት፤ እሷም በተራዋ የጎረቤቷን ታጥባለች። ባለፈው ሳምንት የላከችብኝ መልእክት አንድ ነው፦ ለጎረቤቷም ሽፍን ጫማ እንድገዛ፣ ቁጥሯ 38፣ ጣት የማያጣብቅ።