ገንዘቡ ወደ ስልክ ሲገባ

ልጆቻችሁ ኪሳቸውን ሳይዳብሱ «በቢት ልኬልሃለሁ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ሃፖአሊም ባንክ ቢትን ያወጣው በ2017 ነው። የተቀባዩን ስልክ ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ትጽፋላችሁ፤ ብሩ ከካርዳችሁ ወይም ከሂሳባችሁ ይሄዳል። በ2021 ደግሞ አፕል ፔይ እስራኤል ገባ፤ ስልኩን ወደ ማሽኑ ጠጋ ማድረግ ብቻ ነው።

ሕጉም ጥሬ ገንዘብን እያጠበበ መጥቷል። ከኦገስት 2022 ወዲህ ከነጋዴ የምትገዙት ነገር ከ6,000 ሼቅል ካለፈ፣ በጥሬ መክፈል የሚቻለው ከዋጋው 10 በመቶ ብቻ ነው። የ10,000 ሼቅል የቤት ዕቃ ብትገዙ 1,000ው በጥሬ፣ የቀረው በሌላ መንገድ ይከፈላል ማለት ነው።

እንጀራና በርበሬ ለምትሸጡ እናቶች ይህ ጥሩ በር ይከፍታል፦ የመልስ ሳንቲም ፍለጋ ቀረ፣ ሩቅ ያለ ደንበኛም ቀድሞ ይከፍላል። ግን እያንዳንዱ ክፍያ ዱካ ይተዋል። ሥራው ሥራ ከሆነ በግብር ቢሮ ተመዝግቦ፣ ደረሰኝ እየቆረጡ መሥራት ይሻላል።

ትልቁ ነገር ግን ይኼ ነው፦ በስልክ የሚመጣላችሁ ኮድ እንደ ቤት ቁልፍ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ኮዱን ንገሩን» ለሚል ሰው አትስጡ፤ ዝጉና በካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። ገንዘብ ሊልክላችሁ ነው ተብሎ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣም አትንኩት።

ልጆች ያስተምሯችሁ፣ አጠገባችሁ ይቀመጡ። ቁልፉን የሚጫነው ጣት ግን የእናንተ ይሁን። ዛሬ ለልጃችሁ 5 ሼቅል ልካችሁ ሞክሩት።