ምርጥ ዘር ለየትኛው መሬት?

መልካሳ ምርምር ማዕከል ላይ አንደኛ የወጣ የቃሪያ ዝርያ ሸዋ ሮቢት ላይ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ይፋት ይህን ለማየት የተመቸ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ይወርዳል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ፣ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከአንኮበር በታች ያለችው አሊዩ አምባ በደጋውና በቆላው መሐል ናት።

ሙቀቱ ቃሪያን የሚፈትነው በአበባው ጊዜ ነው። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሳይበርድ ሲቀር የወንዴ ዘሩ ይደክማል፤ አበባውም ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ፍሬው ትንሽና ቅርጸ ብልሹ ይሆናል። ሥጋው ወፍራም የሆነው የፈረንጅ ቃሪያ ከሚያቃጥለው ቀጭን ቃሪያ ይልቅ በሙቀት አበባውን ቶሎ ያራግፋል። መረሬ አፈር ላይ ውሃ ሲተኛ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ክሽክሽ በበዛበት ማሳ ቫይረስ ይዛመታል። ዝርያዎች እነዚህን ሁሉ የሚቋቋሙት እኩል አይደለም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ዝርያዎቹን በየቦታው፣ በየዓመቱ ጎን ለጎን ይዘራሉ። የአፈሩ ልዩነት ለአንዱ እንዳያደላ እያንዳንዱ ዝርያ በዕጣ በወጣለት መደብ ላይ ይተከላል፤ ይህም ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። ውጤቱ ሲነበብ ግን አማካዩ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ አንዱ ዝርያ በሄክታር በደጋው ጠርዝ 300፣ በቆላው 100 ኩንታል ሰጠ እንበል፤ ሌላው በሁለቱም ቦታ 190 ሰጠ። በአማካይ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። የቆላው ገበሬ ግን እሱን ቢመርጥ በሄክታር 90 ኩንታል ያጣል።

የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያለው 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ የተመሰከረለት ዘር ወደ ይፋት ሲመጣ በየከፍታው እንደገና መፈተን አለበት። አርሶ አደሩም ዘር ሲገዛ «ስንት ያፈራል?» ከማለቱ በፊት «የት ተፈትኖ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ መሬቱን ሁሉ በአንድ ዝርያ አይሸፍን፤ ሁለት ሦስቱን በትንንሽ መደብ ጎን ለጎን ተክሎ፣ የየለቀማውን ፍሬ እየመዘነ ይመዝግብ።