አሮጌው ኮምፒዩተር፦ ይሸጥ ወይስ ሊኑክስ ይጫንበት?

በወላይታ ሶዶ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ኮምፒዩተር እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ነው። ማመልከቻው፣ ውሉ፣ የጨረታ ሰነዱ ሁሉ በእርሱ ያልፋል፤ ሲቆም ገቢውም ይቆማል።

በዚህ መሣሪያ ላይ ሁለት ነገር ተደራረበበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ አዲስ ማሽን መግዛት ከበደ። ቀጥሎ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚነግድ ሰው ይህችን ቁጥር ልብ ይበል።

አማራጩ ቀላል ሊኑክስ ነው። በነጻ መገኘቱ ብቻውን ነጋዴውን አያሳምንም፤ ዊንዶውሱም ቢሆን በአብዛኛው ተገልብጦ የሚጫን ነውና። ጥቅሙ የማሽኑን ዕድሜ ማራዘሙ ላይ ነው። ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። የድሮውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ የቀየረ ሰው ለውጡን በዓይኑ ያየዋል። ባለ 32 ቢት ማሽን ያለው ግን ሉቡንቱን አይሞክር፤ አዲሶቹ እትሞቹ ለእርሱ አይሠሩም።

ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ በቀጥታ አስነስቶ ፕሪንተሩን፣ ስካነሩንና ዋይፋዩን መፈተሽ ይቻላል። ፋይሉን ሳይገለብጥ የሚጭን ባለሙያ ከመጣ ግን ሻይ ጋብዞ መሸኘት ነው።

እንቅፋቱ ፒችትሪ ነው። የሂሳብ ሠራተኛው የለመደው ይህ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ በሊኑክስ ላይ በዘዴ ለማስነሳት መሞከር በግብር ሰሞን አያዋጣም። ፓወር ግዕዝም እንዲሁ የዊንዶውስ ነው። በዩኒኮድ ያልተጻፉ የቆዩ የአማርኛ ሰነዶች ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈቱ ፊደላቸው ሊበላሽ ይችላል። አዲስ ጽሑፍ በሊኑክሱ የአማርኛ ኪቦርድ ይጻፋል፤ ወላይትኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ጣጣ የለውም።

ስለዚህ ሦስት ማሽን ያለው ሱቅ ሁለቱን ወደ ሊኑክስ ቢያዞር፣ ሦስተኛውን ከኢንተርኔት ነቅሎ ለፒችትሪና ለድሮ ሰነዶች ቢያስቀር ያዋጣዋል ባይ ነኝ። የጫኚውን ሒሳብ ግን ሙሉውን ባንድ ጊዜ አይክፈል፤ ከፊሉን ፕሪንተሩ ሳምንት ሙሉ ሲያትም ካየ በኋላ ቢሰጥ ይሻላል።