‹‹ነው›› እና ‹‹ይባላል››፦ እንግዳ ስናስጎበኝ ምን እንበል?

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባልና የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ሰዎችን በትንንሽ ቡድን እየመሩ ስለማስጎብኘት ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር ከጎንደር ውጭ ካለ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የፋሲል ግንብን ሊያዩ ይመጣሉ። ከመምህራን ጋር ሆነን ይዘናቸው የምንዞረው እኛ ነን። ብዙዎቹ ግንቡን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እኛ የነገርናቸውን ይዘው ሄደው ለእናት ለአባታቸው ያወራሉ። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

‹‹በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል›› ይላሉ አባቶቻችን። በግንቡ አጠገብ በየቀኑ ስለምናልፍ የምናውቀው ይመስለናል። ‹‹ማን ሠራው?›› ስንባል ግን ‹‹ፋሲል ነዋ!›› ብለን በቃ እዚያው ላይ እናቆማለን። ግቢው ውስጥ ያለው እኮ አንድ ግንብ ብቻ አይደለም። አፄ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ነግሠው ጎንደርን ዋና ከተማ አደረጉ፤ ትልቁንም ግንብ አሠሩ። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ፣ ቀጥሎም አፄ ዳዊት፣ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩ። ግቢው 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ ሲሆን በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

አንደኛ፣ ቡድኑ ትንሽ ይሁን። ከስምንት እስከ አሥር ልጅ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ከኋላ ያሉት አይሰሙም፤ ያልሰማ ደግሞ ይረብሻል። በር ላይ እንቁጠራቸው፤ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ስንሻገርም እንደገና እንቁጠር። ቶሎ መራመድ የማይችል ልጅ ካለ ከፊት ይሁንና ሁላችንም በእሱ እርምጃ እንሂድ። ከኋላ ደግሞ አንድ የክበባችን አባል ይከተል።

ሁለተኛ፣ እየሄድን አናውራ። ቆመን፣ ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ እንናገር። ፀሐይ ካለ እኛ ወደ ፀሐይዋ ፊታችንን እናዙር እንጂ እንግዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው መስማት የለባቸውም። የዛፍ ጥላ ከተገኘ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። በአንድ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ እንንገራቸው። ሃያ ነገር የተነገረው ሰው ሃያውንም ይረሳል።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ራሳቸው ይዩ። የአፄ ፋሲል ግንብ ፊት ቆመን ‹‹ማዕዘኖቹ ላይ ምን ይታያችኋል?›› ብለን እንጠይቃቸው። ክብ ግንቦቹንና እንደ እንቁላል የሆነውን አናታቸውን ራሳቸው ያገኙታል። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጋ ስንደርስም ‹‹አናቱ ምን ይመስላል?›› እንበል። አንዱ ‹‹ኮርቻ!›› ማለቱ አይቀርም። ሰው ራሱ ያገኘውን አይረሳም።

አራተኛውና ዋናው፣ ‹‹ነው›› እና ‹‹ይባላል››ን አንቀላቅል። አጎቴ አስጎብኚ ነው። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። በማስረጃ የታወቀውን ‹‹ነው›› ብለን እንናገራለን፤ በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ‹‹ይባላል›› እንላለን። ምሳሌ ልስጣችሁ። አፄ ፋሲል ጎሽ እየተከተሉ መጥተው ይህን ቦታ አገኙ ይባላል። የኢያሱ ግንብ ግን በ1704 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲወጉ በጣሉት ቦምብ ተጎድቷል፤ ይሄ ታሪክ ነው። ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብተው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ማቃጠላቸው ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳናት የንብ መንጋ ነው የሚለው ግን ‹‹ይባላል›› ነው። በጣሪያዋ ላይ ስለተሣሉት የመላእክት ፊቶችም አንዱ አስጎብኚ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ሌላ ቁጥር ሲናገር ሰምቻለሁ። እኛ ግን ‹‹እስቲ ቁጠሩ›› እንበላቸው፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው መቁጠሩን ይወዱታል።

‹‹ይባላል›› ማለት ውሸት ማለት አይደለም። አያቶቻችን ያቆዩልን ነው፤ ያለ እሱ ጉብኝቱ ጨው የሌለው ወጥ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ልጅ ከእኛ ‹‹ነው›› ተብሎ የሰማውን ነገ መጽሐፍ ላይ ሌላ ሆኖ ቢያገኘው፣ እውነት የነገርነውንም አያምነንም። የእኛ ታሪክ የሚጠፋው ግንብ ሲፈርስ ብቻ ሳይሆን የሚያምነን ሰው ስናጣም ነው።

ታዲያ የማናውቀውን ቢጠይቁንስ? ልጆች የማይጠይቁት ነገር የለም። ‹‹ንጉሡ ገላቸውን የት ይታጠቡ ነበር?›› ካሉን መልስ አለን፤ ግቢው ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለ። ‹‹የንጉሡ ፈረስ ስሙ ማን ነበር?›› ካሉን ግን ከራሳችን ስም አናውጣ። ‹‹መምህርን እንጠይቅላችኋለን›› ማለት አያሳፍርም።

አምስተኛ፣ ቅርሱን እንጠብቅ። ግድግዳ ላይ መውጣት፣ ስም መጻፍ፣ ኖራውን መፈርፈር ክልክል ነው። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ከተፈረፈረ የዝናቡ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋዩም ይላቀቃል። እኛ ‹‹እከሌ ነበርኩ›› ብለን ከጻፍን እንግዶቹን ‹‹አትጻፉ›› ለማለት አፍ የለንም።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ለቱሪስቶች የሚያስጎበኙት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ ይህ እንጀራቸው ነው። ትምህርት እየፎረፍን ቱሪስት መከተል የለብንም። የእኛ ሥራ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር መቀበል ነው።

እንግዲህ የክበባችን አባላት፣ ቅዳሜ ደብተራችሁን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። የምትናገሩትን ጻፉና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ‹‹ነው›› ወይም ‹‹ይባላል›› በሉበት። ያጠራጠራችሁን ለታሪክ ወይም ለኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን አሳዩ። መምህራንም እንደምታርሙን ተስፋ አለን።

በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!