ዘይት ለበዛበት ወለል የትኛው ኳስ?

አሜሪካ የሚኖር የኮምቦልቻ ልጅ ነው፡፡ ለእረፍት መጥቶ ደሴ ላይ ቡና ስንጠጣ «ለእናቴ ያሰብኩትን ብር ለቦውሊንግ ኳስ ላውለው ነው፤ የያዝኩት ዘይቱ ላይ እየተንሸራተተ አዋረደኝ» አለኝ፡፡

ቆይ እንጂ ወንድሜ! ከመነሻው መስመር እስከ ፊተኛዋ ፒን 60 ጫማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት የሚቀባው 40 ጫማ ያህሉ፡፡ ፕላስቲክ ኳስ እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል እንጂ አይታጠፍም፡፡ የተወለወለውም ዓይን ይማርካል እንጂ አይቆነጥጥም፤ የሐረጎን ቁልቁለት በዝናብ፣ በተላጨ ጎማ የወረደ ይገባዋል፡፡ የሚሻለው «ሪአክቲቭ ሬዚን» የሚሉት ልባስ ያለው፣ ፊቱ የሻከረ ነው፡፡ ያለህ ኳስ ሬዚን ከሆነማ ምን ያስገዛሃል? ጨዋታ ሳይጀመር በብርጭቆ ወረቀት ይሻከርልህ፡፡

ክብደቱን ለክንድህ እንጂ ለዘይቱ ብለህ አትምረጥ፤ ጣሪያው 16 ፓውንድ ነው፡፡ ሬዚን ዘይት ይጠጣል፤ በወረወርክ ቁጥር በጨርቅ ጥረገው፡፡