ለአጥር የተተከለው የወፍ ቆሎ ግጦሹን እንዳይወርስ

የወፍ ቆሎ በብዙ ቀበሌዎች በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ግቢ ዙሪያ ለአጥር ተተክሎ ይገኛል። በአንድ ዘለላ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ አበባ ስለሚያወጣ ለዓይን ያምራል። ሆኖም ከአጥር አልፎ ወደ ወል ግጦሽ ሲገባ ሣሩን አጥፍቶ ከብቱን ይመርዛል።

የዚህ ቁጥቋጦ ሳይንሳዊ ስም ላንታና ካማራ ነው። መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ሲሆን፣ ወደ ሌሎች አገሮች በብዛት የተወሰደው ለጌጥና ለአጥር ነው። በኢትዮጵያም በድሬዳዋ፣ በምሥራቅ ሐረርጌና በጅግጅጋ አካባቢ የግጦሽ መሬት ወርሷል። ፍሬው በስሎ ሲጠቁር ወፎች ይለቅሙትና ዘሩን በየዛፉ ሥርና በየወንዙ ዳር ይጥሉታል። ስለዚህ አንድ አባወራ የተከለው አጥር ለጎረቤት ቀበሌም ስለሚተርፍ፣ ጉዳዩ የማኅበሩ ሁሉ ነው።

በበጋ ሣር ሲጠፋ የራባቸው ከብቶች ቅጠሉን ይበላሉ። መርዙ ጉበታቸውን ይጎዳል፤ መኖ ያስተዋቸዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳቸው፣ በተለይም አፍንጫቸው አካባቢ፣ ይቆስላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ከብት ወዲያውኑ ከቦታው ርቆ ጥላ ውስጥ ሊቆምና ለእንስሳት ሐኪም ሊታይ ይገባል። ቅጠሉ ቢደርቅም መርዝነቱ ስለማይጠፋ ከድርቆሽ ጋር መቀላቀል የለበትም። ሕፃናትም ያልበሰለውን ፍሬ እንዳይበሉ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የወፍ ቆሎ ግንዱ ብቻ ቢቆረጥ ወይም ቢቃጠል መልሶ ያቆጠቁጣል። በመሆኑም ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ፣ ፍሬ ከማፍራቱ በፊት፣ ከነሥሩ መነቀል አለበት። በተዳፋት መሬት ላይ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መንቀል አፈሩን ለጎርፍ ያጋልጣል፤ በየተራ እየነቀሉ ሣር መትከል ይሻላል። በመሬት ውስጥ የቀረው ዘር ስለሚበቅል ለተከታታይ ዓመታት እየዞሩ ማረም ግድ ነው።

አጥሩ የሚነቀልበት አባወራ ግቢው ክፍት ሆኖ እንዳይቀር ተተኪው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ለዚህ የሚሆነው አገር በቀሉ አጋም ነው። አጋም መዓዛው የሚያውድ ነጭ አበባና ሲበስል የሚበላ ጥቁር ፍሬ አለው። የበሰለው ፍሬ ታጥቦ ዘሩ ከተለየ በኋላ በችግኝ መደብ ይዘራል፤ ችግኙም በክረምት መግቢያ ቀረብ ቀረብ ተደርጎ ይተከላል። እስኪጠና ድረስ ከከብት መጠበቅ፣ ከዚያም ጫፉን እየከረከሙ ከሥሩ እንዲጠቀጠቅ ማድረግ ያሻል። እስከዚያው ድረስ የቆየው የወፍ ቆሎ አጥር ባበበ ቁጥር ቢከረከም ለወፍ የሚተርፍ ፍሬ አይኖረውም።

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እንደሚባለው የአጋም እሾህ ብርቱ ነው። ይህ እሾህ ጓሮውን ከከብት ይከላከላል። የማኅበር መሪዎችም ከመጪው ክረምት በፊት በየጎጡ ያለውን የወፍ ቆሎ አጥር ቆጥረው፣ የአጋም ችግኝ መደብ አዘጋጅተው፣ የንቀላውን ሥራ ለአባላት በደቦ ቢያከፋፍሉ ሸክሙ በአንድ አባወራ ላይ አይወድቅም።